ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በኋላ የዛምፕ ማይኤስኪውኤል አልነሳ አለኝ፤ ዳታው ሳይጠፋ እንዴት ላስነሳው?

ንጋት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ዊንዶውስ 10 በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ በዛምፕ (የድረ ገጽ ሰርቨሩን አፓቺን፣ ዳታቤዙን ማይኤስኪውኤልንና ፒኤችፒን አንድ ላይ በሚጭነው ጥቅል) እሠራለሁ። ለአንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ውሰት የሚመዘግብ ፕሮግራም በፒኤችፒ ጽፌያለሁ፤ የሚሠራውም በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደ ወሰደ፣ መቼ መመለስ እንዳለበት፣ የትኛው ቅጂ እንደ ጠፋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገኛል። የምጠይቃችሁ ስለ ልምምድ ዳታቤዝ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልናገር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የተመለሱ መጻሕፍትን እየመዘገብኩ ሳለ ኤሌክትሪክ ተቋረጠና ኮምፒውተሩ በዚያው ጠፋ። ዛሬ ጠዋት የዛምፕን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ስከፍት አፓቺ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ማይኤስኪውኤል ግን «ስታርት» የሚለውን ስጫን ለአፍታ ቢጫ ይሆንና ተመልሶ ይጠፋል። ከታች በቀይ ጽሑፍ ማይኤስኪውኤል ባልታሰበ ሁኔታ መዘጋቱን ይነግረኛል። ምክንያቱ የተያዘ ፖርት፣ የጎደለ ፋይል፣ የፈቃድ ማነስ፣ ብልሽት ወይም በሌላ መንገድ መዘጋት ሊሆን ይችላል ብሎ ሁሉንም ይደረድራል። ከዚህ ሁሉ የቱን እንደምይዝ ግራ ገብቶኛል።

ያረጋገጥኩትን ልንገራችሁ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ «ኔትስታት -ኤኤንኦ» ብዬ አይቻለሁ፤ ፖርት 3306ን የያዘ የለም። ታስክ ማኔጀር ውስጥም ማይኤስኪውኤል የሚል ፕሮግራም አይታይም። ዳታቤዙን በብራውዘር የማስተዳድርበት ፒኤችፒማይአድሚን ሲከፈት ስህተት ቁጥር 2002 አሳይቶ ግንኙነቱ ተቀባይነት እንዳላገኘ ይናገራል። በ«ሎግስ» በኩል ገብቼ የስህተት መዝገቡን ከፍቼዋለሁ። «ኤሪያ» ስለሚባል ነገር ይናገራል፦ ማገገሙ አልተሳካም፣ በኤሪያ ሠንጠረዦች ሁሉ ላይ «ኤሪያ_ቼክ -አር» አስኪጂ፣ የኤሪያ_ሎግ ፋይሎችን አጥፊ ይላል። ቀጥሎ ኤሪያ የተባለው ፕለጊን አልተመዘገበም፣ የ«ማይኤስኪውኤል.ፕለጊን» ሠንጠረዥ አልተከፈተም፣ ፕለጊኖቹ አልተዘጋጁም ብሎ «አቦርቲንግ» በሚለው ያበቃል። በመካከል ስለ ኢኖዲቢ ብዙ መስመሮች አሉ፤ እነሱ ግን «ኖት» የሚል ምልክት ነው ያለባቸው።

ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «አይቢዳታ1 የሚባለውን ፋይል አጥፊው፣ ራሱ ይፈጠራል» ይላል። ሌላው የ«ባክአፕ» ፎልደሩን ገልብጪ ይላል። በዳታ ፎልደሩ ውስጥ እስካሁን አንድም ነገር አልነካሁም። ኤክስፖርት አድርጌ ያስቀመጥኩት ቅጂ አለ፤ ነገር ግን ከእሱ ወዲህ የተመዘገበው ብዙ ነው። እባካችሁ የሚያውቅ ይምራኝ።


ሰሌዳ፦

ዛምፕን አራግፊውና እንደገና ጫኚው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ጊዜም አይፈጅም። ኤክስፖርት ያደረግሽውን መልሰሽ ታስገቢያለሽ።


ብራና፦

እኅቴ ንጋት፣ ምንም ሳትነኪ ቆመሽ መጠየቅሽ የሥራውን ግማሽ ጨርሶልሻል። ወንድሜ ሰሌዳ ክፉ አላሰበም፤ ምክሩን ግን በፍጹም እንዳትከተይ። ባዶ የልምምድ ዳታቤዝ ላለው ሰው ማራገፍ ይሠራ ይሆናል። የአንቺ መዝገብ ግን የተቀመጠው ራሱ ዛምፕ ፎልደር ውስጥ፣ «ማይኤስኪውኤል» በሚለው ሥር «ዳታ» የሚባለው ቦታ ላይ ነው። ማራገፊያው እሱንም ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል። ሰዎች መዝገባቸውን የሚያጡት ብልሽቱ በመጣ ዕለት ሳይሆን ሊያስተካክሉ በተጣደፉበት ሰዓት ሲሆን አያለሁ፤ ይህም አንጀቴን ይበላዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ሥራ አለ። እሱን ሳትፈጽሚ ወደ ቀጣዩ አትለፊ። የዛምፕን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ዝጊው። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ማይኤስኪውኤልዲ» የሚባል ፕሮግራም አለመኖሩን ደግመሽ እዪ። ከዚያ የ«ዳታ» ፎልደሩን ከነሙሉ ይዘቱ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ፤ ፍላሽም ይሁን ውጫዊ ዲስክ። የአንቺን ዳታቤዝ ስም የያዘውን ንዑስ ፎልደር ብቻ ገልብጦ ማለፍ አይበቃም፤ ለምን እንደማይበቃ ከታች እነግርሻለሁ። ቅጂው ካለቀ በኋላ የሁለቱን ፎልደሮች መጠን በባይት አመሳክሪ። ከዚህ በኋላ የምትሠሪው ሁሉ ቢበላሽ እንኳ ተመልሰሽ የምትነሺበት መነሻ አለሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሎጉ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ተዪው። እሱ ለማንኛውም ዓይነት ብልሽት የሚያወጣው አንድ ዓይነት መግለጫ ነው፤ ሰሌዳው ፕሮግራሙ መዘጋቱን እንጂ ለምን እንደተዘጋ አያውቅም። የሚያውቀው የስህተት መዝገቡ ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉም መስመር እኩል አይደለም። «ኖት» የሚለውን እለፊ። «ኤረር» የሚሉትን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቢ፤ የመጀመሪያው ምክንያት ነው፣ የተቀሩት የእሱ ተከታዮች ናቸው። አንቺ በጻፍሽው ውስጥ የመጀመሪያው «ኤሪያ ማገገም አልቻለም» የሚለው ነው። ፕለጊኑ አለመመዝገቡ፣ ሠንጠረዡ አለመከፈቱ፣ በመጨረሻም መቋረጡ ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ፖርትም ፈቃድም እዚህ ውስጥ የሉበትም።

ኤሪያ ምንድን ነው? ሰሌዳው ላይ «ማይኤስኪውኤል» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ዛምፕ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የሚጭንልሽ ማሪያዲቢን ነው። ማሪያዲቢ ዳታ የሚያከማችበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። አንቺ የፈጠርሻቸው ሠንጠረዦች፣ የተለየ ነገር ካላዘዝሽ በቀር፣ በኢኖዲቢ የተያዙ ናቸው። የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና ፈቃድ የሚቀመጡባቸው የራሱ የሥርዓቱ ሠንጠረዦች ደግሞ ከማሪያዲቢ 10.4 ጀምሮ በኤሪያ የተያዙ ሆነዋል። ስለዚህ ኤሪያ ካልተነሳ ሰርቨሩ የገዛ ራሱን መዝገብ መክፈት ያቅተዋልና ይዘጋል። ለአንቺ ይህ መልካም ዜና ነው። የቆመው የሰርቨሩ የራሱ ክፍል ነው፤ የውሰት መዝገብሽ ያለበት ኢኖዲቢ ስህተት አልተናገረም።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ እየጻፍኩ ነው፤ ስታስገቢያቸው በላቲን ፊደል ይሁን።

ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ክፈቺና «ሲዲ» ብለሽ ወደ ዳታ ፎልደሩ ግቢ። እዚያው ሆነሽ መሥራትሽ ዋጋ አለው፤ የጥገና ፕሮግራሙ «ኤሪያ_ሎግ_ኮንትሮል» የተባለውን ፋይል ሌላ ቦታ ካላመለከትሽው በቀር ባለሽበት ፎልደር ውስጥ ነው የሚፈልገው። የጥገና ፕሮግራሙ ራሱ ከዳታ ፎልደሩ ጎን ባለው «ቢን» ፎልደር ውስጥ አለ፤ ስሙም «ኤሪያ_ቼክ» ነው። በ«ዳታ» ሥር «ማይኤስኪውኤል» የሚባል ንዑስ ፎልደር ታያለሽ። ውስጡ መጨረሻቸው «.ኤምኤአይ» የሆኑ ፋይሎች አሉ፤ እያንዳንዱ የአንድ የሥርዓት ሠንጠረዥ ማውጫ ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ «ኤሪያ_ቼክ -አር» ብለሽ የፋይሉን መንገድ አስከትዪ። በየፋይሉ ላይ እየጠገነ እንደሆነ ይነግርሻል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰርቨሩ የቆመ መሆን አለበት።

ይህ ሲያልቅ «ኤሪያ_ሎግ_ኮንትሮል»ን እና «ኤሪያ_ሎግ.00000001»ን ከዳታ ፎልደሩ አውጥተሽ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሪ። መልእክቱ አጥፊ ቢልሽም አታጥፊ፤ ማዛወር ያንኑ ያደርጋል፣ የሚመለስ መንገድም ይተዋል። ከዚያ «ስታርት» በዪው። ሁለቱንም ፋይሎች ራሱ አዲስ አድርጎ ይፈጥራቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

እዚህ ላይ ካልተነሳ ብቻ ወደ «ባክአፕ» ፎልደሩ ሂጂ። ብዙ ሰው በየቦታው የሚጽፈው ምክር የሚጎድለው ነገር ስላለ በዝርዝር ልናገር። «ባክአፕ» ማለት የአንቺ ዳታ መጠባበቂያ አይደለም፤ ዛምፕ ሲጫን አብሮ የመጣ ባዶ የዳታ ፎልደር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አሁን ያለውን «ዳታ» ስሙን ቀይረሽ «ዳታ_አሮጌ» ትዪዋለሽ። «ባክአፕ»ን ገልብጠሽ ቅጂውን «ዳታ» ብለሽ ትሰይሚዋለሽ። ከአሮጌው ውስጥ የራስሽን ዳታቤዝ ፎልደር ወደ አዲሱ ትገለብጫለሽ። «ማይኤስኪውኤል»፣ «ፐርፎርማንስ_ስኪማ» እና «ፒኤችፒማይአድሚን» የተባሉትን ግን አትገለብጪም፤ የተጎዳው ያለው እነሱ ውስጥ ነውና።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉም ይናገረዋል። ቀጥሎም «አይቢዳታ1ን ገልብጪ» ይላሉ፤ ልክ ነው፣ ነገር ግን ያልተሟላ ነው። በዳታቤዝ ፎልደርሽ ውስጥ ያሉት የ«.አይቢዲ» ፋይሎች የሠንጠረዦቹን ረድፎች ይይዛሉ። የትኛው ፋይል የትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ የሚያውቀው ግን አይቢዳታ1 ነው፤ እሱ ከሌለ ፒኤችፒማይአድሚን የሠንጠረዡን ስም እያሳየሽ ስትከፍቺው «እንዲህ የሚባል ሠንጠረዥ የለም» ይልሻል። አይቢዳታ1ን አጥፊ ያለሽ ሰው ይህን ያወቀ አይመስለኝም። ከእሱ ጋር ደግሞ «አይቢ_ሎግፋይል0» እና «አይቢ_ሎግፋይል1» አሉ። ኢኖዲቢ እያንዳንዱን ለውጥ መጀመሪያ በእነዚህ ያሰፍርና ወደ ዋናዎቹ ፋይሎች የሚያስገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ነጋዴ የዕለቱን ሽያጭ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ማታ ወደ ትልቁ መዝገብ እንደሚያሰፍረው ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥብሽ ወደ ትልቁ መዝገብ ያልገባ ነገር ይኖር ይሆናል። አይቢዳታ1ን ከአሮጌው፣ ሎጎቹን ከባክአፕ ብታደርጊ ትናንት ከሰዓት የመዘገብሽው ተመላሽ መጽሐፍ ሊቀር ይችላል። ከዚያም በላይ የገጾቹ (ኢኖዲቢ ዳታውን ከፋፍሎ የሚያስቀምጥባቸው ክፍሎች) ተከታታይ ቁጥር ከሎጉ ቁጥር በልጦ ይገኝና መዝገቡ «ቁጥሩ የወደፊት ነው» በሚል ስህተት ይሞላል። ሦስቱ ፋይሎች አብረው የኖሩ ናቸው፤ አብረው ይዘዋወሩ። የዳታቤዝ ፎልደሩ ብቻውን ቅጂ አይሆንም ያልኩሽም ለዚህ ነው።

በዚህ መንገድ ከሄድሽ አንድ የምታጪው ነገር አለ። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ «ሩት» ያለ ይለፍ ቃል ይሆናል፣ ለፕሮግራምሽ ለይተሽ የፈጠርሽው ተጠቃሚ ካለ ደግሞ ዳግም መፍጠርና ፈቃድ መስጠት ይኖርብሻል። ፕሮግራሙ ስህተት 1045 ካሳየሽ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ዳታው ጠፋ ብለሽ አትደንግጪ።

«ኢኖዲቢ_ፎርስ_ሪከቨሪ» ስለሚባለው ቅንብር የሚነግርሽ አይጠፋም። ከ1 እስከ 6 ይሰጠዋል። አንቺ ዛሬ አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግ ቀን ቢመጣ ከ1 ጀምረሽ አንድ በአንድ ውጪ፤ 4 እና ከዚያ በላይ ፋይሎቹን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ስለሚችል በቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይሞከርም።

ከተነሳ በኋላ ፕሮግራምሽን ከመክፈትሽ በፊት ወዲያውኑ ሙሉ ኤክስፖርት አውጪ። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን፤ እጠብቃለሁ።


ሰሌዳ፦

ብራና፣ አመሰግናለሁ፤ ሦስቱ ፋይሎች አብረው መሄድ እንዳለባቸው ዛሬ ገና ሰማሁ። በዚሁ አጋጣሚ የእኔንም ልጠይቅ። የእኔ ተቃራኒ ነው፤ ማይኤስኪውኤል ይነሳል፣ አፓቺ አይነሳም። ፖርት 80 በቁጥር 4 በሚታወቅ ፕሮግራም ተይዟል ይለኛል። ታስክ ማኔጀር ላይ 4 ማለት «ሲስተም» ነው፤ ሊዘጋም አይችልም። የአፓቺን የስህተት መዝገብ ስከፍተው ደግሞ የዛሬ ነገር የለበትም።


ማዕዘን፦

ወንድሜ ሰሌዳ፣ መዝገቡ ባዶ የሆነው አፓቺ ፖርቱን የሚይዘው የመዝገብ ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ስለሆነ ነው። ፖርት መያዝ ካቃተው የሚናገረው ስክሪን ላይ ነው፤ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው በኩል ስታስነሳው ያ ጽሑፍ አይታይህም። ስለዚህ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈት፣ ወደ አፓቺ «ቢን» ፎልደር ግባ፣ «ኤችቲቲፒዲ» ብለህ በቀጥታ አስነሳው። ስህተቱን ከነቁጥሩ ይነግርሃል። 10048 ካለ አድራሻው በሌላ ፕሮግራም ተይዟል። 10013 ካለ ደግሞ ዊንዶውስ ፈቃድ ከልክሎሃል፤ ይህም ወይ ሌላው ፕሮግራም ፖርቱን ለብቻው ስለያዘው ነው፣ ወይ ፖርቱ በዊንዶውስ ተጠብቆ ስለተቀመጠ ነው።

ቁጥር 4ን በተመለከተ፣ ከጀርባው ያለው «ኤችቲቲፒ.ሲስ» የተባለው የዊንዶውስ ድራይቨር ነው። እሱ ራሱ ድረ ገጽ አያቀርብም፤ ለሌሎች ፕሮግራሞች ሲል ፖርቱን ይይዛል። ለማን እንደያዘ ለማወቅ በአስተዳዳሪ ፈቃድ «ኔትሽ ኤችቲቲፒ ሾው ሰርቪስስቴት» በለው፤ የተመዘገቡትን አድራሻዎችና የፕሮግራሞቹን ቁጥር ያወጣልሃል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አይአይኤስ (የዊንዶውስ የራሱ የድረ ገጽ ሰርቨር) ነው፤ በሰርቪሶች ዝርዝር ውስጥ «ወርልድ ዋይድ ዌብ ፐብሊሺንግ ሰርቪስ» ተብሎ ይታያል። የማትጠቀምበት ከሆነ አስቁመውና አነሳሱን «ማንዋል» አድርገው። የምትጠቀምበት ከሆነ አፓቺን ወደ 8080 አዛውረው፤ በ«ኤችቲቲፒዲ.ኮንፍ» ውስጥ «ሊስን» የሚለውንና «ሰርቨርኔም» የሚለውን ሁለቱንም ቀይር። 443 ተይዞ ከሆነ በ«ኤችቲቲፒዲ-ኤስኤስኤል.ኮንፍ» ውስጥ ያለውንም አብረህ ቀይር።

መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ባለው የፖርት ቅንብር ቁጥሩን መቀየር አፓቺን አይቀይረውም። እሱ ሰሌዳው የትኛውን ፖርት እንደሚመለከት ብቻ ነው የሚወስነው። ብዙ ሰው እዚያ 8080 ጽፎ ለምን እንዳልሠራ ሲጨነቅ ይውላል።

ለንጋትም ለሌሎችም የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ኔትስታት ማንም እንዳልያዘው እያሳየ ፖርቱ ግን አልሰጥም ሲል፣ ዊንዶውስ ለሃይፐር-ቪ (ምናባዊ ኮምፒውተር ለሚያስኬደው ክፍሉ) እና ለመሰል አገልግሎቶች ጠብቆ የሚያስቀምጣቸው የፖርት ቁጥሮች አሉ። «ኔትሽ ኢንተርፌስ አይፒቪ4 ሾው ኤክስክሉድድፖርትሬንጅ ፕሮቶኮል=ቲሲፒ» ብትሉት ከየት እስከ የት እንደተጠበቀ ዝርዝሩን ያሳያችኋል። የፈለጋችሁት ቁጥር በዚያ ውስጥ ከወደቀ ሌላ ፖርት ምረጡ።


ንጋት፦

ብራና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ተነሥቷል!

እንዳሉኝ መጀመሪያ ሙሉውን የዳታ ፎልደር ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጬ መጠኑን አመሳከርኩ። ከዚያ «ኤሪያ_ቼክ»ን በየፋይሉ አስኬድኩ።  በየሠንጠረዡ ላይ እየጠገነ መሆኑን ጻፈ፤ ረድፎቹን ቆጥሮ ማውጫውንም እንደገና ሠራ። ሁለቱን የኤሪያ ሎግ ፋይሎች ሳዛውርና «ስታርት» ስል አረንጓዴ ሆነ፤ በአረንጓዴውም ጸና። ወደ «ባክአፕ» ፎልደሩ መሄድ አላስፈለገኝም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የውሰት ሠንጠረዡ ነው። ኤሌክትሪክ ከመቋረጡ በፊት ያስገባሁት የመጨረሻው ተመላሽ መጽሐፍ አለ። ግማሽ ላይ የነበረው፣ «አስቀምጥ» ያላልኩት፣ የለም፤ እሱ ደግሞ ሊኖር አይገባም።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ወዲያውኑ ኤክስፖርት አውጪ ስላሉኝ ፓወርሼል ከፍቼ «ማይኤስኪውኤልደምፕ» አስኪጄ ውጤቱን በ > ምልክት ወደ ፋይል ላክሁት። ፋይሉን በኖትፓድ ስከፍተው በአማርኛ የተጻፉት የመጻሕፍት አርእስትና የአንባቢዎች ስሞች አይነበቡም። በአንድ ፊደል ቦታ ሦስት ሦስት እንግዳ ምልክቶች ተደርድረዋል። በብራውዘር ስከፍተው ግን አማርኛው ጥርት ብሎ ይታያል። ዳታው ተጎድቶ ይሆን?


ፊደል፦

ንጋት፣ ዳታሽ ደህና ነው፤ የተበላሸው ፋይሉ ብቻ ነው። ሦስት ምልክት ማየትሽ ራሱ ይመሰክራል። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ማይኤስኪውኤልደምፕ ባይቶቹን በትክክል አውጥቷቸዋል፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ግን ባይቶቹን እንዳሉ ወደ ፋይል አያሳልፍም። መጀመሪያ በኮንሶሉ የፊደል ሠንጠረዥ እንደ ጽሑፍ ያነባቸዋል፤ በዚያ ሠንጠረዥ አንድ ባይት አንድ ምልክት ስለሆነ ሦስት ምልክት ይወጣል። ቀጥሎ ያንን በዩቲኤፍ-16 ይጽፈዋል። እንዲህ ያለ ፋይል መልሶ ማስገባት ሲሞከር ገና ከመጀመሪያው መስመር ስህተት ያወጣል።

የ > ምልክቱን ተዪውና ደምፑ ራሱ ፋይሉን እንዲጽፍ አድርጊ። «ማይኤስኪውኤልደምፕ -ዩ ሩት --ዲፎልት-ካራክተር-ሴት=ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 --ሪዛልት-ፋይል=» ብለሽ የፋይሉን መንገድ፣ ቀጥሎ የዳታቤዙን ስም ስጪ። ለ«ሩት» ይለፍ ቃል ካለው «-ፒ» ጨምሪ። ይህ በፓወርሼልም በኮማንድ ፕሮምፕትም እኩል ይሠራል።

በሦስት ምልክት ፈንታ የጥያቄ ምልክት ብታዪ ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። ???? የሚታየው ፊደሉን መያዝ ወደማይችል ኮድ፣ ለምሳሌ ወደ ላቲን1፣ ሲቀየር ነው። ያ ሠንጠረዡ ውስጥ ከተከሰተ ዋናው ፊደል ጠፍቷል፤ የሚመልሰው መጠባበቂያ ብቻ ነው። ስለዚህ የሠንጠረዦችሽን ኮሌሽን (ጽሑፍ የሚነጻጸርበትና የሚደረደርበትን ደንብ፤ ስሙ በፊደል ኮዱ ይጀምራል) ተመልከቺ፤ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ብሎ የሚጀምር ይሁን። የፒኤችፒ ፕሮግራምሽም ግንኙነቱን ከከፈተ በኋላ «ሴት_ካርሴት» በሚለው ያንኑ ስም ይስጥ።


ብራና፦

ፊደል ያለው ሁሉ ልክ ነው። ንጋት፣ አዲሱን ፋይል ካወጣሽ በኋላ ሳትሞክሪው አታስቀምጪው። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ «ሙከራ» በሚል ስም ባዶ ዳታቤዝ ፍጠሪ። ፋይሉን እዚያ አስገቢና በየሠንጠረዡ ያሉትን ረድፎች ከዋናው ጋር አመሳክሪ፤ ጥቂት የአማርኛ አርእስቶችንም በዓይንሽ አንብቢ። አንድ ጊዜ ተመልሶ ያልገባ ፋይል መጠባበቂያ ነው ብዬ አልቀበልም።

በሚሠራ መዝገብ ላይ ኤክስፖርቱን በእጅ ማውጣት አይዘልቅም፤ ሥራ ሲበዛ ይዘለላል። ያንኑ ትእዛዝ መጨረሻው «.ባት» በሆነ ፋይል ጽፈሽ በዊንዶውስ «ታስክ ስኬጁለር» በየዕለቱ ሥራ ከማብቃቱ በፊት እንዲሄድ አድርጊ። የፋይሉ ስም ቀኑን ይያዝ፤ የዛሬው የትናንቱን እንዳይሽረው። ፋይሎቹም ከዛምፕ ፎልደር ውጪ፣ ቢቻል በሌላ ዲስክ ይቀመጡ። ኮምፒውተሩን ስትዘጊ ደግሞ ከዊንዶውስ በፊት ማይኤስኪውኤልን ከሰሌዳው ላይ «ስቶፕ» በዪ።

ዛምፕ የተሠራው ለልማትና ለሙከራ ነው፤ ሲጫን «ሩት» ያለ ይለፍ ቃል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሌሎች ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ከዚህኛው ጋር የሚገናኙ ከሆነ ለ«ሩት» ይለፍ ቃል አድርጊለት፤ ያንኑ በፒኤችፒማይአድሚን «ኮንፊግ.ኢንክ.ፒኤችፒ» ውስጥም አስተካክዪ፣ አለበለዚያ 1045 ይልሻል። ፕሮግራምሽ በ«ሩት» እየገባ ከሆነ በራሱ ዳታቤዝ ላይ ብቻ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ ፍጠሪለት።


ንጋት፦

በ«ሪዛልት-ፋይል» አወጣሁት። ኖትፓድ ላይ አርእስቱም ስሙም በአማርኛ ይነበባል። «ሙከራ» ላይ አስገብቼ የሦስቱንም ሠንጠረዦች ረድፎች አመሳከርኩ፤ ልዩነት የለም። ኮሌሽኑ በሁለቱ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ነው፤ የአንባቢዎች ሠንጠረዥ ግን «ዩቲኤፍ8» ብቻ ይላል። እሱንም መቀየር ይኖርብኛል?


ፊደል፦

ለግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚበቃው በ«ዩቲኤፍ8»ም የጠፋብሽ ነገር የለም። አራት ባይት የሚፈልግ ምልክት፣ ለምሳሌ ኢሞጂ፣ ሲገባበት ነው የሚቸገረው። ቢሆንም ሠንጠረዦች በኮሌሽን ሲለያዩ የጽሑፍ ዓምዶችን አገናኝተሽ ስትፈልጊ ስህተት 1267 ሊያወጣብሽ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት አድርጊያቸው። «ኦልተር ቴብል» ብለሽ የሠንጠረዡን ስም፣ ቀጥሎ «ኮንቨርት ቱ ካራክተር ሴት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ኮሌት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4_ጀነራል_ሲአይ»፤ የሌሎቹ ኮሌሽን ከዚህ የተለየ ከሆነ የእነሱን ስም ተኪ። መጀመሪያ «ሙከራ» ላይ፣ ቀጥሎ በዋናው ላይ።